የቀኛዝማች መሸሻ አባት

ቀኛዝማች መሸሻን በፊቱ «አንቱ»፣ ዞር ሲል «እሱ» እያልኩ ነው ያን ሁሉ ዘመን ጠጅ የቀዳሁለት። አሁን ሞቷልና አንቱታውንም አብሬ ቀብሬዋለሁ፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ። እኔ አሰፋች ነኝ፣ ነቀምቴ ገበያው ጥግ ጠጅ ቤት ያለኝ። አባቴ ከጎጃም ነው የመጣው፣ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ በአማርኛውም በኦሮምኛውም እኩል እየተሳደብኩ ነው ያደግሁት። ጠጅ ቤት ያላት ሴት ደግሞ ለንስሐ አባት ያልተነገረውን ሁሉ ትሰማለች።

ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ቀኛዝማቹ አይደለም። ስለ ራሱ እሱ ከበቂ በላይ አውርቷል፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ድረስ። የማወራው ስለ ዋቅወያ ነው፣ ስለ አንገር ወንዝ ታንኳ ቀዛፊው። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊዳ አያና የሚሄድ ሰው ክረምት ላይ አንገር ሲደርስ ድልድይ የለ፣ ምን የለ፣ ነፍሱን ለዋቅወያ ሰጥቶ ነበር የሚሻገረው። ዋቅወያ እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ወንዝ ዳር ብቻውን ያደገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እጁን ያየ አይረሳውም፤ አውራ ጣቱ ብቻ የኔን ሁለት ጣት ያህላል። የወንጌላውያን አማኝ ስለሆነ ጠጅ አይቀምስም፣ ብርዝ ነው የምቀዳለት። ሲገባ «አከም ጅርቱ፣ አዴ አሰፋች» ይላል፣ «ደህና ነዎት ወይ፣ እሜቴ» ማለቱ ነው፤ ከዚያ ብርሌውን እስኪጨርስ ቃል አይወጣውም።

ቀኛዝማች መሸሻ ደግሞ ከሸዋ የመጣ ባለርስት ነው፣ አንገር ሸለቆ ውስጥ ሰፊ መሬት ያለው። ቤት ሲገባ ሆዱ ይቀድምና እሱ ቆይቶ ይደርሳል። አንድ ክረምት እነዚህን ሁለት ሰዎች አንገር አንድ ላይ ውጦ፣ ወንዙ መሀል ያለች አንዲት ደሴት ላይ ተፋቸው። ውሃው እስኪጎድል እዚያው ከረሙ። ከዚያ በኋላ ነቀምቴ የሰማችው የቀኛዝማቹን ታሪክ ብቻ ነው። ዋቅወያ አፍ የለውማ፤ ቀኛዝማቹ ደግሞ ከአፉ በቀር ሌላ ነገር የለውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታንኳዋ በዋቅወያ ጥፋት ተገለበጠች። ቀኛዝማቹ በአንድ እጁ ጠመንጃውን፣ በሌላው እጁ እንደ ሕፃን የሚያለቅሰውን ዋቅወያን ይዞ ዋኘ። ደሴቷ ላይ ጎጆ ቀለሰ፣ ጉማሬ በአንድ ጥይት ጣለ፣ ያን «ምንም የማያውቅ የወንዝ ዳር ሰው» አቡነ ዘበሰማያት አስተማረው። ዋቅወያ እሁድ እሁድ ሲዘምር ያደገ ሰው ነው እኮ! ስሙም ለአፉ ስላልተመቸው «ታዘዝ» ብሎ አወጣለት። «ና ታዘዝ ስለው ይመጣል፣ ሂድ ታዘዝ ስለው ይሄዳል። ከኔ ሌላ ጌታ አያውቅም» ይላል ጢሙን እያሻሸ። ወሬው ደግሞ በቆየ ቁጥር ያብጣል። ጉማሬው አንድ ነበር፣ ለጥምቀት ሁለት ሆነ፣ ለፋሲካ ከነልጆቹ መጣ። ደሴቷ መጀመሪያ አውድማ ታህል ነበር፤ በመጨረሻ ሁለቱን የነቀምቴ ሰፈሮች፣ ባኬ ጃማንና ቡርቃ ጃቶን፣ አንድ ላይ ብታሰፍሩባት ቦታ ይተርፋል።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ሁልጊዜ ይደናቀፋል። ከጠጪዎቹ አንዱ «ቀኛዝማች፣ እዚያ ምን እየበሉ ከረሙ?» ሲለው ሳል ይነሣበታል። ስሎ ስሎ «የጉማሬ ሥጋ» ይላል። «በፍልሰታ ጾም?» ይላል ሌላው። እንደገና ይስላል። መዳፉ ላይ ያለውን ጠባሳም አዞ ነው ይላል። እኔ የሰካራም ጠባሳ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አዞ እንደዚያ አይቧጥጥም፣ ያ እሾህ ነው። ግን ደንበኛዬ ነው፣ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ።

ዋቅወያን አንድ ቀን ለብቻው አገኘሁትና «ይህ ሰውዬ ተጫወተብህ እኮ! ለምን አፉን አታስይዘውም?» አልኩት።

ብርሌውን አስቀመጠ። «ያውራ፣ አዴ። እሱ ስላወራ ታንኳዬ አትሰምጥም» አለኝ።

ተናደድኩበት። እኔ ሰው ሲሰድበኝ ካልመለስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ሰው ሲያጋጥመኝ ሆዴን ያመኛል። ቤቴ እስኪሰማ ድረስ ጮህኩበት፣ እሱ ግን ብርዙን ጨርሶ አመስግኖኝ ሄደ።

ነገሩ የከፋው በድርቤ ምክንያት ነው። ድርቤ የጉሉማ ልጅ ናት። ጉሉማ ከአንገር ማዶ ማር እያመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስረክበኝ ነጋዴ ነው፤ ሰው የኔን ጠጅ የሚያሞግሰው በሱ ማር ነው። አባትና ልጅ እየተመላለሱ የሚሻገሩት በዋቅወያ ታንኳ ነበር። ያ አፍ የሌለው ሰው ከድርቤ ጋር በምን እንደተነጋገረ እግዜር ይወቅ። ብቻ አንድ ቅዳሜ ጓዳዬ ገብታ የማሩን ቅል እያወረደች «አዴ አሰፋች፣ እሱ ካልሆነ ማንንም አላገባም» አለችኝ። «እሱ ማን?» ስላት ዝም አለች። ከዝምታዋ አወቅሁት፤ ከሌላ ከማን ትማረዋለች!

ጉሉማም መጀመሪያ ዋቅወያን አልጠላውም። ጠንካራ ነው፣ አይሰክርም፣ የራሱ ታንኳ አለው። ጉሉማ ግን ኩሩ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ከዋቅወያ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ሥራ ፈት ጎረምሶች «ና ታዘዝ! ሂድ ታዘዝ!» እያሉ ተከተሏቸው። የጉሉማ ፊት ጠቆረ። እኔ ቤት ገብቶ አንድ ብርሌ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና «አሰፋች፣ እኔ ልጄን ለአሽከር አልወለድኳትም። ስሙን የተቀማ ሰው ሚስቱን አይቀማም ያለሽ ማነው? ለጊዳ አያናው ነጋዴ እሰጣታለሁ» አለ። የአያናው ነጋዴ ሁለት ሚስት የቀበረ፣ ድርቤን በዕድሜ በእጥፍ የሚበልጥ ሰው ነው። ድርቤ ሰምታ ጓዳዬ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዋቅወያም መጣ። ያን ቀን ብርዙን አልነካውም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ሳየው አንጀቴን በላው። «አዴ፣ ሽማግሌ ልላክ» አለኝ። አባት የሌለው ሰው ሽማግሌ መላክ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ኦቦ ባቻ ዘንድ ሄደን ለመንን። ባቻ ሲናገር አማራውም ኦሮሞውም ዝም ብሎ የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ጉሉማን አነጋገረውና አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ። ዋቅወያ የማንም አሽከር አለመሆኑ በሽማግሌ ፊት ከተረጋገጠ ድርቤ የሱ ናት። ካልተረጋገጠ ለአያናው ነጋዴ ትሄዳለች።

ጉባኤው ከጠጅ ቤቴ ጓሮ ሾላው ሥር ሆነ። ሽማግሎቹ ገና ምርቃቱን ሳይጨርሱ ቀኛዝማች መሸሻ ከች አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ነቀምቴ ውስጥ ማን የማይነግረው አለ። ሳይጠሩት መጥቶ መሀል ላይ ተቀመጠና «አሽከሬን ስትድሩት እኔን አትጠሩኝም?» አለ። «መቼም አልከለክልም። ታዘዝን እኔው እድረዋለሁ። ልጅቷም ግቢዬ ትግባ፣ ወጥ ቤት ሰው ጎድሎብኛል። እሱ ታንኳውን ይተውና በሬን ይጠብቅ።»

ጉሉማ ቡሉኮውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ። ድርቤ ከጓዳዬ በር ሆና ክንዴን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባ። አለቀ ደቀቀ ብዬ ነበር።

«ኦቦ ጉሉማ፣ ይቀመጡ» አለ ዋቅወያ። «አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚያ ይሄዳሉ።»

ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያውም በአማርኛ ነው፣ ቀኛዝማቹ አልገባኝም እንዳይል። ዞር ብሎም «ቀኛዝማች፣ በቅሎዋን ታንኳ ላይ ካልጫንን ያሉት ማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀው።

ሳቅ ፈነዳ። በቅሎ በገመድ ተይዛ ከታንኳው ጎን ትዋኛለች፤ አንገርን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋቅወያ እንደነገረን ግን ቀኛዝማቹ «የኔ በቅሎ እንደ ገበሬ በቅሎ ጭራዋን አታረጥብም» ብሎ ከነኮርቻዋ ታንኳዋ ላይ አስወጥቷት ነበር። መሀል ወንዝ ላይ ስትደነግጥ ሁሉም አብረው ገቡ። በቅሎዋ ዋኝታ ወጥታ በራሷ እግር ቤቷ ደረሰች። ባዶውን ኮርቻ አይተው ዘመዶቹ ለቅሶ ተቀምጠው፣ ሚስቱ ወይዘሮ ወሰኔ ፀጉሯን ተላጭታ እንደነበር እኛም እናስታውሳለን። ቀኛዝማቹ ግን መዋኘት ሲያልፍም አይነካው። እጁ የገባው የእሾህ ቅርንጫፍ ነበር፤ «አዞው» ያ ነው። ዋቅወያ በጋቢው እየጎተተ ደሴቷ ላይ አወጣው። ጠመንጃው እስካሁን አንገር ሥር ነው። ጉማሬም መጥቶ ነበር፤ አያቸው፣ አዛጋ፣ ሄደ። ጎጆ የሚባል ነገር አልተቀለሰም። ቀኛዝማቹ ከአሽከር እኩል መሬት ላይ አልቀመጥም ብሎ ኩይሳ ላይ ወጣ፤ ጉንዳኑ ሱሪው ውስጥ ሲገባ ወርዶ ከዋቅወያ ጎን ተቀመጠ።

ሽማግሎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀኛዝማቹ እንደ በርበሬ ቀላ። ባቻ ግን በትሩን መሬት ላይ መታ መታ አደረገና «ሳቁን ሳቅን። ዋቅወያ፣ ጌታ በቅሎ መጫን ስላላወቀ አሽከሩ ነፃ አይወጣም። አሽከር አይደለሁም የምትለው በምንድነው?» አለው።

«እደርሳለሁ» አለ ዋቅወያ። «ዝናቡ አላቆመም፣ እሳት የለም። የሚበላም የለም። ከዛፉ ጉድጓድ ውስጥ ንብ አየሁ። ያለ ጭስ እጄን ከተትኩ፣ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ተደፈነ። ማሩን ግን አወጣሁ። የቀኛዝማች እጅ ቆስሏል፣ ምንም አይዝም። ትኩሳትም ይዟቸዋል። አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ እየነከርኩ አፋቸው ውስጥ ከተትኩላቸው። ጠቡ።»

በኛ አገር፣ አማራም ይሁን ኦሮሞ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው የሌላውን መከታ ሲፈልግ የዚያን ሰው ማር የተነከረ አውራ ጣት ይጠባና «ልጅህ ነኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፣ ያኛውም የጡት አባቱ። ዕድሜ አይታይም፣ ሀብት አይታይም። በዚህ ባላባትና ባላባት ታርቋል፣ ደመኛ ደመኛው ቤት ገብቷል። የጡት አባቱን የካደ ሰው ዘሩ አይባረክም ሲባል ነው ያደግነው።

«ማር ለታመመም ይሰጣል» አለ ባቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቃል ተነገረ ወይ?»

«ተነገረ» አለ ዋቅወያ። «ውሃው ትንሽ ሲጎድል እኔ ዋኝቼ መውጣት እችል ነበር። ሄጄ ሰው ልጥራ አልኩ። ያኔ ጣቴን በጥርሳቸው ያዙና ‹አባቴ፣ ትተኸኝ አትሂድ፣ ልጅህ ነኝ› አሉ። አንድ ጊዜ አይደለም ያሉት። ስለዚህ አልሄድኩም። ውሃው ደረት ላይ ሲደርስ ነው በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርኳቸው። ልጅ ተትቶ ይኬዳል?»

«ውሸታም!» ብሎ ብድግ አለ ቀኛዝማቹ። «የምን ጡት ነው! ምስክርህ የታለ?»

«ምስክሩማ እርስዎ ነዎት» አለው ባቻ። «በሚካኤል ይማሉ። ጣቱን አልጠባሁም፣ ልጅህ ነኝ አላልኩም ብለው ይማሉ። እኛም ወደየቤታችን እንሄዳለን፣ ዋቅወያም በርዎን ይጠብቃል።»

ስለ ቀኛዝማች መሸሻ የማልለው የለም፤ ሚካኤልን ግን ይፈራል፣ ከልቡ ነው የሚፈራው። ታንኳዋ ስትገለበጥ የጠራው ሚካኤልን ነው፤ ከዚያች ደሴት ከወጣ ወዲህ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ዝክሩን አስታጉሎ አያውቅም። እጁን አነሣ። አፉን ከፈተ። ያ አፍ ተከፍቶ ድምፅ ሳይወጣው ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉሉማ አንድ እግሩን ለመሄድ አንሥቶ እንደቆመ ነው።

ቀኛዝማቹ ሳለ።

ያ ጠጅ ቤቴ ውስጥ ስሰማው የኖርኩት ሳል ነው። እጁ ወረደ፣ ኩም ብሎ ተቀመጠ። ጉሉማም ቡሉኮውን ከትከሻው አውርዶ ቦታው ተመለሰ።

ሽማግሎቹ ትንሽ ተንሾካሾኩና ባቻ ፍርዱን ተናገረ። «አባት ለልጁ አሽከር አይሆንም። ዋቅወያ የቀኛዝማች አሽከር አይደለም፣ አባቱ ነው። አባቱ ሲያገባ ደግሞ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። በል ተነሥና ጉልበት ሳም» አለው። አያችሁ አንቱታው የት እንደገባ! ያ ሆድ መጎንበስ ስላቃተው ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ደገፉት። ዋቅወያ ግን ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው።

«ጉልበቴን ተወው» አለ። «ስሜን ጥራ።»

ቀኛዝማቹ ዙሪያውን አየ። መውጫ የለም። «ዋቅወያ» አለ። ለአፉም ተመቸው፣ ምንም የሚከብድ ስም አይደለም።

ድርቤ ከጎኔ ሆና እልልታዋን ለቀቀችው። «አንቺ! ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፣ ነውር ነው» ብዬ አፏን ልይዝ ስሞክር «ማን አባቱ ይከለክለኛል!» ብላኝ ደገመችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እኔም አብሬያት ጮህኩ።

ለሠርጉ ቀኛዝማቹ ሰንጋ ነድቶ መጣ፣ በሙሽራው ዘመድ ቦታም ተቀመጠ። ከተማው መቼም አይምርም። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ቀኛዝማች፣ አባትዎ ደህና ናቸው?» ይለዋል። ተናዶ ጠጅ ቤቴን ትቶ ብዙ ጊዜ ሌላ ቤት ጠጣ፤ በኋላ የሌላው ጠጅ ውሃ ሆኖበት ተመለሰ። ስለ ደሴቷ ግን ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። ታዘዝ የሚል ሰውም ገበያው ውስጥ ጠፋ። ዋቅወያ ታንኳውን እየቀዘፈ፣ ድርቤ የአባቷን ማር እየነገደች ልጆች አፈሩ። እሱም በየዓመቱ አንድ ቅል ማር ቀኛዝማቹ ቤት ይልካል። ሲልክ «ለልጄ» ይላል። ቀኛዝማቹም ይቀበላል።

ዓመታት ሄዱ። ወይዘሮ ወሰኔ ቀድማ ሞተች፤ ልጆቹም አዲስ አበባ ገብተው ቀሩ። ቀኛዝማቹ ባኬ ጃማ ባለው ቤቱ አልጋ ላይ ሲወድቅ «እንመጣለን» የሚል መልእክት መጣ እንጂ ሰው አልመጣም። የመጣው ዋቅወያ ነው። ታንኳውን ለሰው ሰጥቶ፣ ድርቤንና አንድ ቅል ማር ይዞ መጥቶ እዚያው ሰነበተ። እኔ ሾርባ ይዤ ስሄድ ቀኛዝማቹ ከማንም እጅ ማንኪያ አልቀበልም ብሎ ከንፈሩን ገጥሞ አገኘሁት። ዋቅወያ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ፣ ያን ትልቅ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረ። ቀኛዝማቹ አፉን ከፈተ።

«ትተኸኝ አትሂድ» አለው።

«የት እሄዳለሁ» አለው ዋቅወያ።

ቀብሩ ላይ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ደረሱ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው። አስከሬኑ ሲወርድ ዋቅወያ ሰዉን ገፍቶ ወጣና ደረቱን እየደቃ «ልጄን! ልጄን!» እያለ ጮኸ። ከሟቹ ሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው! ባለመነጽሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም ሳቄ መጣብኝ፣ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ።

ድርቤ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ምን ያስቅሻል? ልጁ ሞቶበት እኮ ነው» አለችኝ።

ነጠላዬን ከአፌ አንሥቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁት።